ሶፍትዌርን በማሽን ማስፈተሽ፤ ገንዘቡ ወጥቶ ጥቅሙ ለምን ይቀራል?

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ ጋሸና ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። እዚያ መገንጠያ ላይ የሚነግድ አንድ የእህል ነጋዴ አንድ አይሱዙ ምስር አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ለመላክ ሲነሳ እንደ ድሮው ብር በከረጢት ተሸክሞ ገበሬ ለገበሬ አይዞርም። በስልኩ *889# ብሎ ከንግድ ባንክ ሒሳቡ ያስተላልፋል፤ ወይም *127# ብሎ በቴሌብር ይከፍላል። ገንዘቡ ከነጋዴው ሒሳብ ተቀንሶ ገበሬው ዘንድ ካልደረሰ ግን ገበሬው ምስሩን አይለቅም፤ ሹፌሩም የቆመበትን ይጠይቃል። ነጋዴው “አልሄደም መሰለኝ” ብሎ ደግሞ ቢልክ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም ሊሄዱበት ይችላሉ። የአንድ ጭነት ትርፍ በዚህ መሀል ይበላል።

ይህ እንዳይደርስ የሚከላከለው አዲስ አበባ ተቀምጦ ሶፍትዌሩን የሚፈትሸው ክፍል ነው። በአሁኑ ጊዜ ባንኮች፣ የገንዘብ ማስተላለፊያ ድርጅቶችና ትላልቅ አስመጪዎች ይህን የፍተሻ ሥራ ከሰው እጅ አውጥተው ለማሽን ለመስጠት ገንዘብ ይመድባሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በሙያው ውስጥ የቆዩ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ በታላቅ ተስፋ ከተጀመሩት መካከል በርካታዎቹ ዓመትና ሁለት ዓመት ሳይቆዩ ይተዋሉ። መሣሪያው ይገዛል፤ አማካሪው ይከፈለዋል፤ ፍተሻውን ግን የሚያስነሳው ሰው ይጠፋል።

ለመሆኑ አውቶማቲክ ፍተሻ ምንድን ነው? አንዱን ሶፍትዌር ለመመርመር የሚጻፍ ሌላ ሶፍትዌር ነው። አንድ ሺህ ብር ያለበት የመሞከሪያ ሒሳብ ይከፈታል፤ ማሽኑ ከዚያ ላይ 1,500 ብር እንዲወጣ ያዝዛል፤ የሚጠበቀው መልስ “በቂ ሒሳብ የለም” የሚል ነው። መልሱ ይህ ከሆነ ፍተሻው አለፈ፤ ገንዘቡ ከወጣ ወደቀ ይባላል። አንድ ሠራተኛ በቀን ጥቂት ደርዘን የሚሆነውን እንዲህ ያለ ሙከራ፣ ማሽን በአንድ ሌሊት በሺህ የሚቆጠር አድርጎ ማለዳ ውጤቱን ያቀርባል። ትልቁ ጥቅሙም ሶፍትዌሩ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥር የትናንቱ ሁሉ እንደገና መፈተሹ ነው። ሰው “ይህንማ ባለፈው አይቼዋለሁ” ብሎ ያልፋል፤ ማሽን አያልፍም።

አንድ ሌሊት፣ 801 ሚሊዮን ብር

ለውጥ ከተደረገ በኋላ ያለው ሰዓት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የአገራችን ገበያ በዓይኑ አይቷል። ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ መቻላቸውን አወቁ። ወሬው በስልክ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዞረ፤ በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት በእኩለ ሌሊት ሰልፍ ታየ። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው በእነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ የተደረገ ሲሆን፣ ያለ አግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ከውጭ የተሰነዘረ የኮምፒውተር ጥቃት አለመሆኑንና ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያና ጥገና ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ባንኩና ብሔራዊ ባንክ አስታውቀዋል። መጋቢት ሳያልቅ ከ622 ሚሊዮን ብር በላይ ተመልሷል። ያልመለሱትን ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ የደረሰ ማሳደድ ግን አስፈልጓል።

ከዚህ ለሁሉም ባንክ የሚሆን ትምህርት አለ። “ገንዘብ ከሌለበት ሒሳብ ገንዘብ ይወጣልን?” የሚለው ጥያቄ የዕቁብ ዳኛ እንኳ የማይረሳው ነው። ከማንኛውም ለውጥ በኋላ፣ በሁሉም በር፣ ማለትም በቅርንጫፍ መስኮት፣ በመክፈያ ማሽን፣ በስልክ መተግበሪያና በአጭር ቁጥር፣ ከሌላው ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው። አውቶማቲክ ፍተሻ የሚከሽፈውም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ማሽን የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነውና። ሦስት ሺህ ጥያቄ ተጽፎ ባለቤቱን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው አንዱ ጥያቄ ካልተጻፈ፣ ማለዳ የሚቀርበው ሪፖርት “ሁሉም አልፏል” ይላል። ሪፖርቱ አልዋሸም።

ይህ በድሃ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ጥበቃ ኩባንያ ያሰራጨው ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን አንድ ላይ ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቆሙ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ኩባንያው አውቶማቲክ ፍተሻ ነበረው፤ ማሻሻያውም ፍተሻውን አልፎ ነበር። የምርመራው ውጤት እንዳሳየው ሶፍትዌሩ 21 መረጃ እንዲጠብቅ ተደርጎ ሳለ የሚቀርብለት 20 ብቻ ነበር። በሙከራ ጊዜ ግን ሃያ አንደኛው ቦታ “ምንም ቢሆን ይለፍ” ተብሎ ስለተሞላ ጉድለቱ ሳይታይ ቀረ። ቀድሞ እንዲያጣራ የተሠራው መሣሪያም ራሱ ስህተት ነበረበት።

የሚመለሰው መቼ ነው?

ነጋዴ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ወጪው መቼ ይመለሳል የሚለው ነው። በዚህ በኩል ብዙ ኃላፊዎች ሒሳቡን ሳይሠሩ ይገባሉ። ለምሳሌ ያህል አንድን ሲስተም በሰው እጅ ለመፈተሽ በእያንዳንዱ ማሻሻያ ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል እንበል። በማሽን እንዲሆን ፍተሻውን ለመጻፍ ደግሞ 60 የሥራ ቀን ይጠይቃል። ስድሳ ለሦስት ሲካፈል ሃያ ነው፤ ስለዚህ ወጪው ከሃያ ማሻሻያ በኋላ ይመለሳል ይባላል። ነገር ግን ሲስተሙ በተለወጠ ቁጥር ፍተሻውም መታደስ አለበት። ለዚህ በየጊዜው አንድ ቀን ቢወስድ የሚተርፈው ሁለት ቀን ብቻ ስለሚሆን ሃያው ወደ ሠላሳ ይወጣል። ሲስተሙን በወር ሁለት ጊዜ ለሚያሻሽል ድርጅት ይህ 15 ወር ነው፤ ደህና ንግድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚያሻሽል ግን 15 ዓመት ነው! እንዲህ ያለው ድርጅት ሦስት ጥሩ ፈታሾች ቀጥሮ ቢተወው ይሻለው ነበር።

መሣሪያውን በነፃ ማግኘት ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ሴሌኒየም የተባለው የድረ ገጽ መፈተሻ ዛሬም በነፃ ይገኛል፤ በርካታ የአዲስ አበባ ወጣት ባለሙያዎችም ያውቁታል። ዋጋ የሚያስወጣው መሣሪያው ሳይሆን ማደሱ ነው። የእድሳት በጀት የሌለው ፍተሻ፣ ዘይት ሳይቀየርለት እንደሚነዳ አይሱዙ፣ ዓባይ በረሃ ሳይደርስ ይቆማል።

የእድሳቱን ወጪ የሚያንረው ደግሞ ፍተሻውን ሁሉ ከላይ፣ ከገጹ ላይ መለጠፍ ነው። ሻጮች ለኃላፊዎች ሲያሳዩ የሚመርጡት ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ እንደ ሰው ቁልፍ ሲጫንና ቅጽ ሲሞላ ማየት ያስደንቃልና። ዳሩ ግን “ላክ” የሚለው ቁልፍ ከቀኝ ወደ ግራ ቢዛወር ወይም “አስተላልፍ” ተብሎ ቢሰየም መቶ ፍተሻ በአንድ ሌሊት ይወድቃል፤ ሲስተሙ ግን ምንም አልሆነም። ወለድ በትክክል መታሰቡንና ሒሳብ መመጣጠኑን ከገጹ በታች፣ ስሌቱ ከሚሠራበት ክፍል በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። ያኛው በየሳምንቱ አይለዋወጥም። ገጹ ላይ ጥቂት ዋና ዋና መንገዶችን ብቻ መፈተሽ ይበቃል።

ለመንገደኛ ሁሉ የሚጮኽ ውሻ

ፍተሻዎች ብዙ ሲሆኑ ያለ ምክንያት የሚወድቁ ይኖራሉ። ኔትወርክ ዘገየ፤ የመሞከሪያው ሒሳብ ገንዘብ አለቀበት፤ ሁለት ፍተሻ በአንድ ሒሳብ ላይ ተጋጩ። ከ400 ፍተሻ አምስት በመቶው ብቻ እንዲህ ቢሆን በየማለዳው 20 የሐሰት ጩኸት አለ ማለት ነው። እያንዳንዱን ለማጣራት ሩብ ሰዓት ቢወስድ አምስት ሰዓት ይሄዳል፤ የአንድ ባለሙያ ቀን አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያው “የተለመደው ነው” ማለት ይጀምራል። ለመንገደኛ ሁሉ የሚጮኽ ውሻ ሌባ ሲመጣም ቢጮኽ ከቤት የሚወጣለት የለም።

ለአክሲዮን አገናኞች የሚቀርበው ምሳሌ የናይት ካፒታል ነው። ይህ የአሜሪካ ደላላ ኩባንያ ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም. አዲስ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ሲያውል፣ ከስምንት ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ሳይጫን ቀረ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ሳይሠራበት የቆየ አሮጌ ፕሮግራም ነቃና ያለ ማቋረጥ ማዘዝ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ፤ ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በለጠ። ኩባንያው በዓመቱ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ነው የተረፈው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባደረገው ምርመራ የተገኘው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል፤ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ ስህተቱን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ ነበር። እንደ ማስጠንቀቂያ የወሰደው ሰው አልነበረም።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተገበያዮች እጅ ለእጅ እየተማቱ ይዋዋሉበት ከነበረው መድረክ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ወደ ኤሌክትሮኒክስ ግብይት መሸጋገር ጀምሯል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። በእጅ ምት ጊዜ አንድ ሰው ቢሳሳት አንድ ውል ይበላሻል። በኮምፒውተር ሲሆን የአንዱ ስህተት ደቂቃ ሳይሞላ ሺህ ውል ይሆናል።

ጳጉሜን 6 እና ሌሎች የሚረሱ ነገሮች

አብዛኛው የባንክ ሶፍትዌር ውጭ አገር የተሠራ ነው፤ አብረውት የሚመጡት የፍተሻ ናሙናዎችም እንዲሁ። በናሙናው ውስጥ ያለው ደንበኛ የቤተሰብ ስም አለው፤ ዓመቱ 12 ወር ነው፤ ቀኑ በእኩለ ሌሊት ዜሮ ሰዓት ላይ ይጀምራል። የእኛ ደንበኛ ግን የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። ኃይሉ የሚባለው ሰው አንዱ ቅርንጫፍ “ኃይሉ”፣ ሌላው “ሀይሉ”፣ ሦስተኛው “ሐይሉ” ብሎ ይመዘግበዋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። “ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሒሳብ ይዘጋል” የሚለው መመሪያ ለውጭ ባለሙያ ሳይብራራ ቢተረጎም የማለዳ 12 ሰዓት ይሆናል። የበጀት ዓመቱ የሚለወጠው ሐምሌ 1 ቀን ነው።

ጳጉሜን ደግሞ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስት ቀን ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበረች፤ ቀጣዩ በ2019 ዓ.ም. ነው። ብድሩ ጳጉሜን 6 ቀን የሚከፈል ተብሎ ቢፈረም ሲስተሙ ቀኑን ይቀበላልን? የቅጣት ወለድስ ያስባልን? ከዚያ የሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ገና ታኅሣሥ 29 መዋሉ ቀርቶ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ይህን የላስታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለላሊበላ ገና ምዕመናን በሚጎርፉበት ሰሞን ከወልድያ እስከ ላሊበላ ባለው መስመር የሚኖረውን የክፍያ ብዛት አስቀድሞ ለመፈተሽ የሚያቅድ የአዲስ አበባ መሐንዲስ ግን በአንድ ቀን ሊስት ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የሚያረጀው ፍተሻው ራሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት ዕለት የንግድ ባንክ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ74 ብር አለፈ። “100 ዶላር ሲመነዘር 5,700 ብር ይሁን” ብሎ ቁጥሩን የጻፈ ፍተሻ ያን ዕለት ይወድቃል፤ ሲስተሙ ግን ትክክል ነው። “የዕለቱ ዋጋ በመቶ ይባዛ” ተብሎ የተጻፈው ደህና ይሰነብታል።

አዲስ አበባ የሠራው ጋሸና ላይ

ፍተሻው የሚሠራበት ክፍል መብራት አይጠፋበትም፤ ኢንተርኔቱም ፈጣን ነው። ጋሸና ደጋ ናት፤ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል። ጦርነቱ በደረሰባት ጊዜ አካባቢው መብራትም ስልክም አጥቶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ያማረው የስልክ መተግበሪያ ለነጋዴው ምንም አልፈየደም፤ የረዳው ኢንተርኔት የማይፈልገው አጭር ቁጥር ነው። በብዙ ድርጅት ውስጥ ከፍተሻ በጀቱ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግን መተግበሪያው ነው፤ አጭር ቁጥሩ “አሮጌ ነው” ተብሎ ይታለፋል።

ትንሽ የሚመስል ሌላ ነገር አለ። አንድ የስልክ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ በአማርኛ ሲጻፍ 70 ብቻ ነው። ባንኩ በአማርኛ የሚልከው ማረጋገጫ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ የመጀመሪያው ክፍል ደርሶ ቀሪ ሒሳቡ የተጻፈበት ሁለተኛው ሊዘገይ ይችላል። ነጋዴው “አልሄደም” ብሎ ደግሞ የሚልከው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ ሲስተም ሲሸጋገር 1.9 ሚሊዮን ደንበኞች ሒሳባቸው ተዘግቶባቸው ነበር። በኋላ እንደታወቀው፣ ባንኩ ሁለት የኮምፒውተር ማዕከላት እያሉት ዋናው ሙከራ የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ያው ነው ተብሎ ታመነ። ያው አልነበረም። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል። የአንድ ባንክ ሁለት ማዕከል “ያው” ካልሆነ፣ ቦሌና ጋሸና ያው ናቸው ብሎ መነሳት የማይመስል ነገር ነው።

ከውሉ በፊት

ሲስተም የሚያስገዛ ባለሀብት ወይም የባንክ ቦርድ አባል የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም። መሣሪያ ከመመረጡ በፊት ግን አንድ ወረቀት ላይ ድርጅቱ በምን በምን መንገድ ገንዘብ ሊያጣ እንደሚችል ማስጻፍ ይችላል። ጸሐፊዎቹ ፕሮግራመሮች ብቻ መሆን የለባቸውም፤ የሒሳብ ሹሙ፣ የቅርንጫፍ ገንዘብ ያዡና እንደ ጋሸና ባለ ቦታ የሚሠራው የቴሌብር ወኪል ይኑሩበት። “ተቀነሰ፣ አልደረሰም” የሚለውን በየሳምንቱ የሚሰሙት እነርሱ ናቸው። ከዚህ ወረቀት አሥር ዓረፍተ ነገር ቢወጣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ፍተሻዎች እነዚያ ናቸው። “ሁለት ሺህ ፍተሻ አለን” የሚል አቅራቢ ሲመጣ ከአሥሩ ስንቱን እንደሚመልስ መጠየቅ ነው።

አማካሪው ሲሄድ ፍተሻውን ማን ይይዘዋል? የዚህ መልስ የሰው ስም መሆን አለበት። “ክፍሉ ይይዘዋል” ከተባለ ማንም አይይዘውም። የተያዘውም ሰው ከሥራ ሰዓቱ ውስጥ ለእድሳት የተቆረጠ ቀን ይኑረው። በእጅ ይፈትሹ የነበሩትን ማሰናበት ደግሞ የቅርብ ቁጠባ የሩቅ ኪሳራ ነው፤ ማሽኑ ምን እንደሚጠየቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ነጋዴ ሚዛን ሲጠራጠር ክብደቱ የታወቀ ድንጋይ ያስቀምጥበታል። ፍተሻም እንዲሁ ይመዘናል። በመሞከሪያው ሲስተም ላይ ሆን ተብሎ አንድ ስህተት ይገባል፤ ለምሳሌ የቀሪ ሒሳብ ማጣሪያው ይነሳል። ማለዳ ሪፖርቱ “ሁሉም አልፏል” ካለ ፍተሻው የወረቀት ዘበኛ ነው። ይህ ሙከራ ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም፤ አቅራቢው በገዢው ፊት እንዲያደርገው በውል ማስገባት ይቻላል።

በግንባታ ውል ላይ እንደሚደረገውም ከክፍያው ጥቂቱ በመያዣነት ይቆይ። የሚለቀቀው የአቅራቢው ቢሮ ውስጥ በሚደረግ ትርኢት ሳይሆን በቦታው ነው። አንድ ሰው ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ ጋሸና መገንጠያ ላይ ይቁም። ክፍያውን ይጀምርና የምስጢር ቁጥሩን ካስገባ በኋላ ስልኩን ያጥፋ። አብርቶም ያንኑ ክፍያ ደግሞ ይላከው። ከዚያ የላኪውና የተቀባዩ ሒሳብ ጎን ለጎን ይታያል፤ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ፣ የአገልግሎት ክፍያውም አንዴ ብቻ ተቆርጦ ካልተገኘ መያዣው አይለቀቅም።